መልስ፦ ለመጀመሪያ የሽጉጥ አፎት የሚሆን ቆዳ

ከአሮጌ የቆዳ ጃኬት የሽጉጥ አፎት መስፋት ይቻላል ወይ ብለሃል። ወንድሜ፣ ይቅርብህ። የጃኬት ቆዳ ለስላሳ ነው፤ ቅርጽ አይዝም። ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ይጨማደዳል። መልሰህ ስትከተው የታጠፈው ቆዳ ምላጩን ሊስበው ይችላል፤ ይሄ የሕይወት ጉዳይ ነው።

በዛፍ ቅርፊት የተለፋ፣ ከ3 እስከ 3.5 ሚሊሜትር የሚወፍር ቆዳ ግዛ። ለብ ባለ ውሃ ሲርስ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅ ይጠነክራል። ቅርጹን ለማውጣት በሽጉጡ ልክ የተሠራ የፕላስቲክ አምሳያ ይሻላል፤ እርጥበት ብረት ያዝጋል። ጥላ ላይ አድርቀው፣ እሳት አታስጠጋው።

በወስፌ ብሳውና በሁለት መርፌ፣ ሰም በተቀባ ክር በእጅህ ስፋው። ክሩ በአንድ በኩል ቢበጠስ እንኳ ሌላው ይይዛል። ምላጩ ሙሉ በሙሉ መሸፈኑን ሳታይ ግን እንዳትታጠቀው።