ባኞ ቤት ታይል ስትመርጪ የድሬን ውሃ አትርሺ

እህቴ፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ለምትሠሪው ባለ ሦስት ባኞ ቤት ቪላ «ሌላ ሰው ቤት የሌለ» የባኞ ቤት ታይል ፈልገሽ ነው የጠየቅሽው። የለጠፍሽውን ጥቁር የሚያብረቀርቅ ፎቶም አየሁት፣ ያምራል። ግን አቦ፣ ድሬ ላይ አታድርጊው! ቤቴን ከጨረስኩ ብዙ አልቆየሁም፤ ያየሁትን ልንገርሽ።

1. ውሃው። የድሬ ውሃ ኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ ነው የሚመጣው፣ ካልሲየም ይበዛበታል። የማንቆርቆሪያሽን ውስጥ እዪው፣ ያ ነጭ ቅርፊት እሱ ነው። ጥቁር ታይል ላይ ሲሆን እያንዳንዷ ጠብታ በሙቀቱ ቶሎ ትደርቅና ነጭ ክብ ትታ ትቀራለች። ሻወር በወሰድሽ ቁጥር ግድግዳ ስትወለውዪ ልትኖሪ ነው? ሱቅ ውስጥ በመብራት ያየሽውን አትመኚ። ከወደድሽው ዓይነት አንድ ፍሬ ብቻ ግዢ፣ ቤት ወስደሽ የቧንቧ ውሃ እርጪበት፣ ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ ደጋግመሽ እንደዚሁ አድርጊ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጊው። እኔ የአሸዋ ቀለም ያለውን ማት (የማያብረቀርቅ) ፖርሲሊን ታይል ከጥቁሩ ጎን አድርጌ ሞክሬዋለሁ። በአሸዋው ላይ ነጩ ጭራሽ አይታይም።

2. እውነተኛ እብነ በረድም ለሻወር ግድግዳ አይሁን። እብነ በረድ ራሱ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ውሃው ከሚተወው ነጭ ነገር ጋር አንድ ዘር ማለት ነው። ነጩን የሚያስለቅቀው ሎሚና ኮምጣጤ ድንጋዩንም ይበላዋል፣ ወዙ ይጠፋል። አንዳንድ ሠራተኞች ደግሞ ሲጨርሱ የሲሚንቶውን ቅሪት በአሲድ ያጥባሉ። ይኼን ከመጀመሪያው ከልክዪ፣ የቧንቧዎቹን ኒኬል ሁሉ ያበላሻል።

3. ካርቶኑ። እዚህ ላይ ነው ያቃጠሉኝ። አንድ ትልቅ ሱቅ ሙሉ ሂሳብ ከፈልኩ። ግማሹ ዛሬ፣ ግማሹ ከመጋዘን በኋላ ይመጣል አሉኝ። የመጀመሪያው ግድግዳ ላይ ወጣ። ሁለተኛው ሲመጣ ሴራሚክ ሠሪው አንዱን አንስቶ ከተለጠፈው ጎን ያዘውና ዝም ብሎ አየኝ። የመጀመሪያው አሸዋ ነው፣ ይኼኛው ወደ ሮዝ ያደላል። ካርቶኑ ላይ ስሙ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ ቶን የሚለው ቁጥር፣ የቀለሙን ድምቀት የሚለየው ማለት ነው፣ ግን ይለያያል። ሱቁ ሄድኩ። ሰውዬው ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «ሲደርቅ ይመሳሰላል» አለኝ። በእሳት የተተኮሰ ነገር ምን ሊደርቅ ነው? ስከራከረው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት በጣቱ አሳየኝ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ያን ሁሉ ብር ተቀብሎ ቁጭ በይ እንኳን አላለኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አንቺ እቃውን ስትረከቢ መኪናው ሳይሄድ እያንዳንዱን ካርቶን ተመልከቺ፣ ቶኑ አንድ ካልሆነ አትፈርሚ። ከልኬቱ ላይ አሥር በመቶ ያህል ጨምረሽም በአንዴ ግዢ፣ ለቁርጥና ለስብራት ይሄዳል።

እኔ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ሮዛማውን በሙሉ ፎቅ ላይ ላለው ባኞ ቤት አደረግኩት፣ ለብቻው ሲሆን ልዩነቱን ማንም አያውቅም። ታች የጎደለችዋን አንዷን ግድግዳ ምን ላልብሳት ስል ሐረር ጁገል ውስጥ የአክስቴ ቤት ትዝ አለኝ። የአደሬ ቤት አይተሽ ታውቂያለሽ አይደል? ነጭ ግድግዳ፣ መደቡና ወለሉ ቀይ፣ ግድግዳው ውስጥ የተቆፈሩ መደርደሪያዎች። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። እኔም የሸክላ ቀለም ያለው ማት ታይል ፈልጌ ያችን ግድግዳ ብቻ አለበስኳት። ሻወሩ ውስጥ ለሳሙናና ለሻምፑ ሁለት መደርደሪያ አስቆፈርኩባት። ወለላቸው ትንሽ ወደ ውጭ ዘንበል ይበል፣ አለዚያ ውሃ ያቁራል። እንግዳ የመጣ ሁሉ ከየት አመጣሽው ይለኛል፣ ሦስት ሰው ፎቶ አንስቶ ለባለሙያው ወስዷል። «ሌላ ቤት የሌለ» የምትዪው ይኼ ነው። ከውጭ የመጣውን ውድ ጥቁር ታይል ማንም ብር ያለው ይገዛዋል።

4. ወለሉን ረሳሁት። የሚያብረቀርቅ ወለል ላይ ሳሙና ሲፈስ እናትሽን አስቢ። ታይሉ እንዳያንሸራትት የሚለካበት ደረጃ አለ፤ አር10 (R10)፣ ሻወሩ ውስጥ ደግሞ አር11 (R11) የሚል ጠይቂ። ታይሉ ትልቅ ከሆነ፣ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር ዓይነት፣ ግድግዳው በደንብ የተስተካከለ መሆን አለበት። ከኋላው ማጣበቂያው ሙሉ ካልተቀባ ባዶ ቦታው ላይ ሲነካ ይሰነጠቃል። ሠሪው ሲለጥፍ እንደ ዶሮ ዓይን እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ካደረገው አስቁሚው።

የሦስቱን ባኞ ቤት ልኬትና የበሩን ቦታ እዚህ ጻፊልኝ። ስንት ካርቶን እንደሚያስፈልግሽ ሱቅ ከመሄድሽ በፊት አሰላልሻለሁ።