«ማንቹሪያ» ነው ወይስ «ዶንግቤይ»? ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ወንድምሽ ቻይና ውስጥ ሀርቢን የትምህርት ዕድል አግኝቷል። አባትሽ «ልጄ ማንቹሪያ ሊሄድ ነው» እያሉ ለዘመድ አዝማዱ ይናገራሉ። አንቺ ደግሞ ካርታ ላይ ብትፈልጊው እንዲህ የሚባል ክፍለ ሀገር አጣሽ። «ቻይናዎች ስሙን ይጠሉታል የሚባለውስ እውነት ነው?» ብለሻል። እኔ እዚያው አካባቢ ቻንግቹን የምትባል ከተማ አራት ዓመት ተምሬያለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ።

አባትሽ አልተሳሳቱም፤ ቦታው ያው ነው። በዋናነት ሊያውኒንግ፣ ጂሊንና ሄይሎንግጂያንግ የሚባሉት ሦስቱ ክፍለ ሀገሮች ናቸው። የአገሩ ሰው ባንድ ላይ «ዶንግቤይ» ይላቸዋል። ትርጉሙ «ሰሜን ምሥራቅ» ነው፤ በቃ።

እኔ ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ስለምንኖርበት ከተማ ክፍል ውስጥ ገለጻ አድርጉ ተባልን። የመጀመሪያው ስላይዴ ላይ በትልቁ «ማንቹሪያ» ብዬ ለጥፌ ቆምኩ። መምህራችን አልተቆጣችም። ዝም ብላ ሄዳ ሰሌዳው ላይ ሁለት ፊደል ጻፈች፤ «ዶንግ»፣ «ቤይ»። ከዚያ ዞር ብላ «ያንተ ቃል የጃፓኖች ነው» አለችኝ። ላብ አጠመቀኝ።

ቆይቼ ሳነብ ግን እሷም ሙሉ በሙሉ ልክ አልነበረችም። ቃሉን የፈጠሩት ጃፓኖች አይደሉም። በ1635 ሆንግ ታይጂ የተባለው ገዥ፣ ሕዝቡ «ጁርቸን» መባሉ ቀርቶ «ማንጁ» እንዲባል አዘዘ። እነዚህ ማንቹዎች ናቸው በ1644 ቤይጂንግ ገብተው እስከ 1912 ድረስ ቻይናን የገዙት። ስለዚህ መነሻው የሕዝብ ስም ነው። ካርታ ላይ የአገር ስም አድርገው ያስለመዱት በአብዛኛው ጃፓኖችና አውሮፓውያን ናቸው።

ነገሩ የከረረው በ1931 ነው። ሴፕቴምበር 18 ሌሊት የጃፓን ወታደሮች ሙክደን፣ ማለትም የዛሬዋ ሼንያንግ አጠገብ፣ የራሳቸውን የባቡር ሐዲድ ራሳቸው አፈነዱና በቻይናዎች አሳበቡ። በዚያ ሰበብ አገሩን ያዙት። በዓመቱ «ማንቹኩዎ» የሚባል መንግሥት አቆሙ። ከዙፋኑ የወረደውን የመጨረሻውን ንጉሥ ፑዪን አምጥተው አስቀመጡበት። ዋና ከተማው ቻንግቹን ነበረች። የጃፓን ክርክር «ማንቹሪያ ድሮም ቻይና አይደለችም» የሚል ነበር። ስሙ ራሱ ምስክር ሆኖ ቀረበ ማለት ነው። ቻይናዎችን የሚቆጠቁጣቸው ይሄ ነው።

የፑዪ ቤተ መንግሥት ዛሬ ሙዚየም ነው። ስትገቢ ከሙዚየሙ ስም መጀመሪያ ያለችውን ፊደል እያት፤ «ዌይ» ትባላለች። «የውሸት» ማለት ናት። ቻይናዎች ማንቹኩዎን ያለዚህች ፊደል አይጽፉትም ማለት ይቻላል። የታክሲ ሹፌሩም «የውሸቱ ቤተ መንግሥት» ብሎ ነው የሚወስድሽ። ሼንያንግ ደግሞ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 18 ጠዋት ልክ 9፡18 ሲል የከተማው ሳይረን ይጮሃል። ሰዓቱም በፈረንጅ ነው፤ ቀኗን እንድትመስል ነው የተመረጠችው። አንዴ መንገድ ላይ ደርሶብኛል። መኪኖቹ ቆመው ጥሩምባ ሲነፉ እኔ ጦርነት የተነሳ መስሎኝ ነበር።

ለእኛም ቅርብ ታሪክ ነው። ቻይና ያኔ ለመንግሥታት ማኅበር አቤት አለች። ማኅበሩ አጣሪ ላከ፣ ሪፖርት ጻፈ፣ ጃፓንም በ1933 ጥላው ወጣች። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። በ1935 ጣሊያን ሲወረን ያው ማኅበር ነበር ጄኔቭ የተቀመጠው። በ1936 መጨረሻ ጃፓን የጣሊያንን ወረራ አወቀች፤ በ1937 ጣሊያን ለማንቹኩዎ ዕውቅና ሰጠች። እከክልኝ ልከክልህ! ይህን ለመምህሬ ስነግራት የምሳ ሰዓታችን እስኪያልቅ አላስነሳችኝም።

ስሙ ግን የተከለከለ እንዳይመስልሽ። ሩሲያ ድንበር ላይ «ማንጆውሊ» የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟ ከሩሲያ የባቡር ጣቢያ ስም የመጣ ነው። ማንም አልነካትም። ሕዝቡም አለ፤ ማንቹ ነኝ ብሎ የተመዘገበው ከአሥር ሚሊዮን ይበልጣል። አንዱ የክፍሌ ልጅ መታወቂያው ላይ «ማን» ተብሎ ተጽፏል፤ ቋንቋውን ግን አንድ ቃል አይችልም። በነገራችን ላይ በቻይንኛ ማንቹሪያ ማለት የሆነው የ«ማንጆው» ሁለተኛ ፊደልና አፍሪካ ማለት የሆነው የ«ፌይጆው» ሁለተኛ ፊደል አንድ ናቸው። ይህን ስነግረው «እንግዲያው ዘመዳሞች ነን» ብሎ ሳቀብኝ።

ወንድምሽ ከሰው ጋር ሲያወራ «ዶንግቤይ» ይበል። ስለ ድሮው ዘመን ከሆነ «ማንቹሪያ» ቢልም ችግር የለውም። ከኮሪያ ተማሪዎች ጋር ግን ድንበሩ ላይ ስላለው ተራራ አይከራከር። እነሱ ፔክቱ ይሉታል፣ ቻይናዎች ቻንግባይ፤ እኔ አንዴ መሀል ገብቼ ሁለቱም አኮረፉኝ።

ሀርቢን ሲደርስ ደግሞ «ዳሊየባ» የሚባለውን ትልቅ ክብ ዳቦ ይግዛ። «ሊየባ» የሚለው ዳቦ ከሚለው የሩሲያኛ ቃል የመጣ ነው፤ ከተማዋን በ1898 የቆረቆራት የሩሲያ የባቡር ሥራ ነዋ። አንዱ ዳቦ ለብቻው ላለ ሰው ሳምንት ይበቃል። ጃኬቱን ግን ከአዲስ አበባ አይሸከም፤ ለዚያ ብርድ የሚሆነው እዚያው ነው ያለው።