የ1940ው (እ.ኤ.አ.) የእንግሊዝ አየር ቁጥጥር፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ራዳር ካላቸው፣ የቁጥጥር ክፍል ምን ያደርጋል? ጣቢያው በቀጥታ ለአብራሪው ቢነግረው አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። በጠረፍ የተተከሉት የ«ቼይን ሆም» ራዳር ጣቢያዎች አንዱን የጠላት ጓድ ሦስት አራት ሆነው ያዩታል። ርቀቱን በደንብ ይለካሉ፣ አቅጣጫውን ግን ይስታሉ። ስለዚህ ወሬው ሁሉ መጀመሪያ የተዋጊ አውሮፕላኖች ዋና ዕዝ ከሆነው ቤንትሊ ፕራየሪ፣ ከማጣሪያ ክፍሉ ይገባል፤ እዚያ የየጣቢያውን ርቀት አገናኝተው አንድ መስመር ያወጡለታል። የተጣራው ለግሩፕ (የአንድ ሰፊ ክልል የአየር ዕዝ) እና በሥሩ ላለው ሴክተር (የክልሉ ክፍል) ይተላለፋል። ማን እንደሚነሳ የሚወስነው ግሩፑ ነው፤ በሬዲዮ እየመራ ከጠላት ጋር የሚያገናኘው ግን የሴክተሩ ተቆጣጣሪ ነው።

ጥያቄ፦ በቁጥጥር ክፍሉ ካርታ ላይ ያሉት ቀስቶች ለምን ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ሆኑ?

መልስ፦ የወሬው ዕድሜ በአንድ እይታ እንዲለይ። የግድግዳው ሰዓት በየ5 ደቂቃው በነዚሁ ቀለማት ተከፍሏል። የደቂቃው ቆጣሪ ቀይ ላይ ሳለ የደረሰ ወሬ ቀይ ቀስት ይቀመጥለታል። ቆጣሪው ሰማያዊ ከገባ በኋላ ቀይ ቀስት ካለ አርጅቷልና ይነሳል። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር የሚበር ቦምብ ጣይ በ10 ደቂቃ 50 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በአሮጌ ቀስት የተላከ ስኳድሮን (የተዋጊ አውሮፕላኖች ቡድን) ባዶ ሰማይ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ራዳሩ ወደ ባሕር ብቻ ካየ የራሳቸውን አውሮፕላን በምን ያገኙታል?

መልስ፦ በ«ፒፕስኩዊክ»። ከስኳድሮኑ የተመረጠ አውሮፕላን ሬዲዮ በየደቂቃው ለ14 ሴኮንድ ድምፅ ይለቃል። ሦስት የምድር ጣቢያዎች አቅጣጫውን ይለካሉ፤ ካርታው ላይ ሦስት ክር ሲወጠር የተገናኙበት ነጥብ ቦታው ነው። ደቂቃው ለአራት ስለሚከፈል አንድ ሴክተር አራት ስኳድሮን መከታተል ይችላል። ችግሩ፣ ድምፁ በሚለቀቅባቸው ሴኮንዶች አብራሪው መናገር አይችልም፤ መሣሪያውን ማብራትም ይረሳል። ለዚህ ነው ተቆጣጣሪው «አውራ ዶሮህ ይጮሃል?» እያለ የሚጠይቀው፤ «አውራ ዶሮ» የመሣሪያው የምስጢር ስም ነው።

ጥያቄ፦ ተዋጊው ከጠላት ጋር እንዲገናኝ የሚበርበትን አቅጣጫ እንዴት ያሰሉታል?

መልስ፦ በ1936 (እ.ኤ.አ.) ቢጊን ሂል አየር ሜዳ ላይ ሲሞከር ስሌቱ ጊዜ በላ፤ ሳይንቲስቱ ሄንሪ ቲዛርድ አቋራጩን አመጣ። ከተዋጊው እስከ ቦምብ ጣዩ ቀጥታ መስመር አስቡ። የቦምብ ጣዩ ጉዞ ከመስመሩ ጋር 40 ዲግሪ ከሠራ፣ ተዋጊውም ከራሱ ጫፍ፣ በዚያው ወገን፣ 40 ዲግሪ ይላካል። ፍጥነታቸው እኩል ከሆነ ሁለት ጎኑ እኩል በሆነው ሦስት ማዕዘን ጫፍ ይገናኛሉ፤ ተዋጊው ከፈጠነ ቀድሞ ይደርሳል። ጠላት አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ማዕዘኑ እንደገና ይለካል። እኔ ከመላው ሥርዓት በጣም የማደንቀው ይህን ነው፤ በዓይን ግምት ይሠራል።

ጥያቄ፦ ከፍታስ?

መልስ፦ ደካማው ጎን ነው። ስህተቱ በሺህ ጫማ ይቆጠር ስለነበር ተቆጣጣሪዎች ከተነገራቸው ላይ ጨምረው ይልኩ ነበር። ከበላይ መገኘት ከበታች ከመገኘት ይሻላል።

ጥያቄ፦ የራስን ወገን የመምታት አደጋ ደርሷል?

መልስ፦ መስከረም 6 ቀን 1939 (እ.ኤ.አ.) የ74ኛው ስኳድሮን «ስፒትፋየር» ተዋጊዎች የ56ኛውን ሁለት «ሃሪኬን» ተዋጊዎች ጣሉ፤ አንዱ አብራሪ ሞተ። «ቼይን ሆም» የፊቱን (የባሕሩን) ከኋላው (ከምድሩ) መለየት ሲሳነው፣ ከምድር በኩል የተነሳ የወገን አውሮፕላን ከባሕር እንደመጣ ጠላት ይታያል። እሱን ለመግጠም ሌላ ሲነሳ ደግሞ ጠላቱ የበዛ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ጀርመኖች የቁጥጥር ክፍሎቹን ለምን አላወደሙም?

መልስ፦ የት እንዳሉ በትክክል አያውቁም ነበር። የሴክተር ክፍሎቹ ግን ከመሬት በላይ፣ አየር ሜዳው ውስጥ ነበሩ። ነሐሴ 31 ቀን 1940 (እ.ኤ.አ.) የቢጊን ሂሉ ተመታ። የኬንሊ አየር ሜዳው ክፍል ከነሐሴ 18ቱ ድብደባ በኋላ ወደ ኬተራም ከተማ ተዛወረ፤ ካርታውና ስልኮቹ የተተከሉት አንድ ሥጋ ቤት ውስጥ ነው።