ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት

ልጆቼ እንዴት ናችሁ? ደሴ ላይ 31 ዓመት አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ ልጆች በስልክ እርስ በርስ ስለሚላገጡት ነገር ይቺን ምጽፈው ገና ማስተማር ለጀመራችሁና ልጃችሁ ስልክ መነካካት ለጀመረባችሁ ወጣት ወላጆች ነው።

እስከዛሬ ሚቆጨኝን ነገር ልንገራችሁ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ ከወረኢሉ በኩል መጥታ አክስቷ ቤት ሆና ምትማር። ክፍል ውስጥ ቆማ ስታነብ አንዱ ድምጿን ቀድቶ የክፍላቸው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቀው፣ ከዛ ፎቶዋን ቆርጦ አነጋገሯን እየጻፈ ስቲከር ሰራበት፣ በቃ ከዛ ወዲያ አንዱ ሲሳሳት የሷ ፊት ይላካል፣ አንዱ ሲያረፍድ የሷ ፊት ይላካል። እሷ ለማንም አልተናገረችም። እኔ የነቃሁት እጇን ማውጣት ስላቆመች ነው፣ ጥያቄውን ሳልጨርስ እጇ ሚነሳ ልጅ ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ጥግ መቀመጥ ጀመረች።

እና ምን አረኩ? በማግስቱ ሰንደቅ አላማ ላይ ማይክ ይዤ ስሟን ጠርቼ ተማሪውን ሁሉ ተቆጣሁ፣ የጠበኳት መስሎኝ። ስለ ነገሩ ሰምተው ማያውቁ ክፍሎች በዛው ቀን ስቲከሩን ፈልገው አገኙት። ሳምንት ሙሉ ቀረች። ስትመለስ "ቲቸር ለብቻዬ ጠርተው ቢያናግሩኝ ኖሮ" አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም።

ስለዚ መምህራን፣ የተሳቀበትን ልጅ ለብቻው ጠርታችሁ በእርጋታ ስሙት። "ብሎክ አርጊና ተይው" ብቻ ብላችሁም አትሸኙ፣ ወርክሺቱም የፈተና ፕሮግራሙም ሚለጠፈው እዛው ግሩፕ ላይ ነውና ልጅቷ ወዴት ትውጣ? የክፍሉ ግሩፕ ላይ እናንተም አድሚን ሁኑ፣ ቴሌግራም ላይ አድሚን አባላት ስቲከርና ፎቶ እንዳይልኩ መዝጋት ይችላል፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ወላጆች ደግሞ... ልጅ ለምን ዝም እንደሚል ታውቃላችሁ? ስድቡን ከመፍራቱ በላይ "አምጣ ስልኩን! ድሮም ብዬህ ነበር" መባሉን ስለሚፈራ ነው። ምንም ሳይፈጠር በፊት "ክፉ ነገር ቢመጣብህ ንገረኝ፣ ስልክህን አልወስድም" በሉት፣ ያላችሁትንም ጠብቁ። እኛ ወሎዎች መቼም ቡና አለን፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሰዓት ትንሽ አይደለም፣ አባትየውም ጭምር ስልኩን ያስቀምጥና "ዛሬ ግሩፑ ላይ ምን አሳቃችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ልጅ በማን እንደተሳቀ ሲያወራ ብዙ ነገር ይወጣል። የሆነበትን ሲነግራችሁ ምክር አትጀምሩ፣ መጀመሪያ አብሽር በሉት።

ከዛ ማስረጃ ያዙ። ቴሌግራም ላይ በግል የተላከን መልዕክት ላኪው ከሁለቱም ስልክ ሊያጠፋው ይችላል፣ ስለዚ መጀመሪያ ስክሪንሹት ቀጥሎ ሪፖርትና ብሎክ። ልጆች እድሜ ጨምረው መመዝገባቸውንም ቀላል አትዩት፣ ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች አካውንቱን ከመነሻው ፕራይቬት ያረገዋል ኢንቦክስም አይፈቅድም፣ የ13 ዓመቱ ልጅ 20 ነኝ ብሎ ከገባ ግን ያ ሁሉ ጥበቃ የለም። ነገሩ ወደ ማስፈራራት ከሄደ ደግሞ ህግ አለ፣ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 በኢንተርኔት ሰው ማስፈራራትን፣ መልዕክት እየደጋገሙ ማስጨነቅንና ስም ማጥፋትን በእስራት ሚያስቀጣ ወንጀል አርጎታል፣ ይሄን ልጆቹም ይወቁት።

ስቲከሩን የሰራው ልጅስ? ጎበዝ ተማሪ ነበር። አባቱን አስጠራሁ፣ አባትየው እቤት ወስዶ በቀበቶ ገረፈው፣ ልጁ በሳምንቱ እሷ የሌለችበት አዲስ ግሩፕ ከፍቶ ቀጠለ። ቆይቶ ነው የሰማሁት፣ ለካ እሱም የሰፈሩ ልጆች ግሩፕ ላይ በተቀደደ ጫማው ለወራት ሲሳቅበት ኖሯል። እዚሁ አገራችን አበጋሮች ሲያስታርቁ ከቅጣቱ በፊት እውነቱ እንዲወጣ ነው ሚለፉት፣ እኔ ግን አጠገቤ ያለውን ወግ ትቼ ወደ ቅጣት ሮጥኩ። እናንተ ያጠፋውን ልጅ አስቀምጡት፣ ስቲከሩን በየጓደኞቹ ስልክ እየዞረ ያስጠፋ፣ ልጅቷ ፈቃዷ ከሆነ ብቻ ይቅርታ ይጠይቃት። ከዛ በፊት ግን በሩን ዝጉና "በአንተስ ላይ እንዲህ ተደርጎ ያውቃል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት።