ጥያቄና መልስ፦ የአንጀት ባክቴሪያና የትልቁ አንጀት ካንሰር

ዛሬ የሐዋሳ ልጆችን ጥያቄ የሚመልሱት ማይክሮባዮሎጂ የሚያስተምሩት ጋሽ ታደሰ ናቸው።

ምህረት፦ ጋሼ፣ የአንጀት ባክቴሪያ ካንሰር ይከላከላል ይባላል። እውነት ነው?

ጋሽ ታደሰ፦ የትኛው ባክቴሪያ? ካንሰርን የሚያግዝም አለ። ኮሊባክቲን የሚባል መርዝ የሚያመርቱ የኢ. ኮላይ ዓይነቶች የሴላችንን ዲኤንኤ ይጎዳሉ። በጅምላ አትጠይቁኝ።

የታቦር ልጅ፦ እሺ፣ የአንጀት ባክቴሪያዎች የሚያመርቱት ቢዩቲሬት የሚባለው ቅባት አሲድ ካንሰር ላይ እንዴት ነው የሚሠራው?

ጋሽ ታደሰ፦ ጥያቄ ማለት ይኼ ነው! እኛ መፍጨት ያቃተንን ፋይበር ትልቁ አንጀት ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል። ቢዩቲሬት የሚገኘው ከዚያ ነው። የአንጀት ግድግዳ ሴሎች 70 በመቶ ያህል ጉልበታቸውን ከእሱ ያገኛሉ። አሁን ጉዱን ስሙ። የካንሰር ሴል የሚወደው ስኳር ነው፤ ቢዩቲሬቱን እምብዛም አያቃጥለውም። ስለዚህ ውስጡ ይከማችና ኒውክለስ ይገባል። እዚያ ሂስቶን ዲአሴቲሌዝ የሚባሉ፣ ጂኖችን ዘግተው የሚያቆዩ ኤንዛይሞችን ያግዳል። ተዘግተው የነበሩ ጂኖች ይከፈታሉ፤ ሴሉ መባዛት ያቆማል ወይም ራሱን ያጠፋል። ግን ይኼ በአብዛኛው ላብራቶሪ ውስጥ የታየ ነው። መድኃኒት አይደለም!

አቤል፦ የቢዩቲሬት ኪኒን ልግዛ?

ጋሽ ታደሰ፦ አትግዛ። ብዙው ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ይመጠጣል። ባቄላህን ብላ።

የታቦር ልጅ፦ በሰው ላይስ ተሞክሯል?

ጋሽ ታደሰ፦ በ2015 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ጥቁር አሜሪካውያንና የደቡብ አፍሪካ ገጠር ነዋሪዎች ለሁለት ሳምንት ምግብ ተለዋወጡ። ፋይበር የበዛላቸው አሜሪካውያን ቢዩቲሬታቸው ጨመረ፣ የአንጀታቸው ብግነት ቀነሰ። የሌሎቹ ተገላቢጦሽ ሆነ። በሌላ በኩል በዘር ለካንሰሩ ለተጋለጡ ሰዎች በቀን 30 ግራም የማይፈጭ ስታርች ቢሰጥ የአንጀት ካንሰራቸውን አልቀነሰም። ስለዚህ ቀስ።

ሳሙኤል፦ በቃ፣ ቆጮ አሸነፈ!

ምህረት፦ ጤፍስ የት ሄዶ? ደግሞ ቆጮህን በክትፎና በቅቤ እያወረድክ ስለ ፋይበር ታወራለህ?

ሳሙኤል፦ እኔ በጎመን ነው የምበላው። ክትፎው የዓመት በዓል ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ኧረ ጎበዝ! ቀይ ሥጋ አታብዙ፣ ሌላውን ምሳ ላይ ተከራከሩ።

አበባ፦ ጋሼ፣ ሰገራዬ ላይ ደም አያለሁ። ኪንታሮት መሰለኝ።

ጋሽ ታደሰ፦ መሰለኝ አይሠራም። ሐኪም ይይሽ።

አቤል፦ ባክቴሪያው ካንሰር ይከላከላል ወይስ አይከላከልም?

ጋሽ ታደሰ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ። መድኃኒት አይደለም ብያለሁ።

አበባ፦ ለጊዜው እርጎ ብጠጣስ?

ጋሽ ታደሰ፦ ደሙ ከጀመረሽ ስንት ጊዜ ሆነ?

አበባ፦ ወር አለፈው።

ጋሽ ታደሰ፦ እርጎው ይቆይ። ነገ ጠዋት ሂጂ።