ልጄ ለምን ይዋሸኛል?

«ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ታላቁ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን ሲና ቁርአንን በ10 ዓመቱ እንደጨረሰ ደጋግሜ እነግረዋለሁ። የእሱ ሐሳብ ግን ኳስ ብቻ ነው። ከመድረሳ (ከቁርአን ትምህርት ቤት) ቀርቶ ‹ሄጃለሁ› ይለኛል። ጭቃ የነካ ካልሲውን ቦርሳው ውስጥ ደብቆ አገኘሁት። ብቆጣውም ብመታውም ባሰበት። ምን ላድርግ?» (አንድ አባት፣ ከደሴ)

ወንድሜ፣ ካልሲው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ካልሲውን የሚደብቅ ልጅ አልናቀዎትም። ፈርቶዎታል።

ምሳሌ የሚያደርጉለት የጥንት ሊቃውንት ይህን ጉዳይ በደንብ ያውቁታል። በ1111 እ.ኤ.አ. የሞቱት ኢማም አል ገዛሊ፣ ልጅ ከትምህርት ሲመለስ ተጫውቶ ድካሙን ያውጣ ይላሉ። ጨዋታ ተከልክሎ ሁልጊዜ ተማር ከተባለ ልቡ ይሞታል፣ አእምሮው ይደነዝዛል፤ በመጨረሻም ከትምህርቱ የሚያመልጥበትን ዘዴ ይፈልጋል። የእርስዎ ልጅ ይኸው ዘዴ ፈለገ!

ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ የቱኒሱ የታሪክ ሊቅ ኢብን ኻልዱን ስለ ዱላ ጻፈ። በኃይል የሚማር ልጅ መንፈሱ ይሰበራል፣ ይሰንፋል፣ ቅጣት ፈርቶ መዋሸት ይለምዳል አለ። እኔም በሥራዬ የማየው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ዱላውን ዛሬውኑ ይተዉት። በዚህ ላይ አልደራደርም።

ኢብን ሲናንም ቢሆን ሙሉውን ይንገሩት። ያ ጎበዝ ልጅ አንድ የአርስቶትል መጽሐፍ 40 ጊዜ አንብቦ አልገባው ብሎ ተስፋ ቆርጦ ነበር። ኋላ ከመጻሕፍት ገበያ በ3 ዲርሃም የገዛት የፈላስፋው አል ፋራቢ ማብራሪያ ፈታችለት። ደስታው ወሰን አጥቶ በማግስቱ ለድሆች ሰደቃ ሰጠ። ለ13 ዓመት ልጅ የሚጠቅመው ይሄኛው ታሪክ ነው፤ አለመረዳት እንደማያሳፍር ያያል። «በ10 ዓመቱ ጨረሰ» የሚለው ብቻውን «አንተ አትረባም» ተብሎ ነው ጆሮው የሚገባው።

ከዚያ ኡስታዙን ለብቻ ያነጋግሩ። ልጁ ትምህርቱ ከብዶት ይሆን? እዚያስ ይመታል? ከልጅዎ ጋር ደግሞ የኳስ ሰዓት ይወስኑ፤ ለምሳሌ ከመድረሳ መልስ እስከ መግሪብ (ፀሐይ ስትጠልቅ እስከሚሰገደው ሶላት)። «ቀርቻለሁ» ብሎ እውነቱን ከነገረዎት አይቅጡት፤ ለምን እንደቀረ ብቻ ይጠይቁት። በወር ውስጥ ለውጥ ካላዩ፣ ወይም እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ፣ ባለሙያ ዘንድ ይዘውት ይሂዱ።

ቅዳሜ ግን ሜዳው ዳር ሄደው ሲጫወት ይዩት። ካልሲውን ቤት መጥቶ በግልጽ ይጠብ።