የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጅብ ከበር፣ ጉጉት ከኮርኒስ

ከትንሣኤ በዓል ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ሳይጠሩ ወደ ግቢ ስለሚዘልቁ የዱር እንስሳትና አእዋፍ የሚያወሩ ናቸው። አንዳንዶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ፍሬ ነገራቸውን ብቻ አስቀርተን አሳጥረናቸዋል። የጸሐፊዎቹንም ስም አላወጣንም።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከየካ ተራራ ግርጌ አዲስ በተቆረቆረ መንደር ነው። ከመሸ በኋላ ጅቦች በበራችን ያልፋሉ፤ በቅርቡም የጎረቤታችንን ውሻ ከደጅ ወስደውታል። ከነዋሪው ገሚሱ «ሥጋ በመርዝ ለውሶ መጣል ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ሐረሮች እንደሚያደርጉት እያበላን ብናላምዳቸው አይተናኮሉንም» የሚል ሐሳብ አምጥቷል። የትኛው ይሻለናል? ልጆቻችንስ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያሰጋቸዋል?

መልስ፦ ሁለቱም አይበጃችሁም። ጅቡ ወደ መንደራችሁ የሚመጣው ከየቤቱ የሚወጣውን ፍለጋ ነው። ቀኑን በጫካ፣ በወንዝ ዳር ገደላ ገደልና በድልድይ ሥር ተኝቶ ይውልና ሲመሽ አጥንት፣ ሆድ ዕቃ፣ ቆዳና የሞተ ከብት የሚጣልበትን ስፍራ ተከትሎ ይወጣል። መንጋጋው የበሬ ቅልጥም ይሰባብራል፤ ጨጓራው ደግሞ አጥንቱን ይፈጨዋል። በመንገድ ዳር ደርቆ የምታዩት ኖራ የመሰለ ዐይነ ምድሩ የነጣው ከዚሁ አጥንት የተነሣ ነው።

በሰሜን ኢትዮጵያ በጅብ ዐይነ ምድር ውስጥ የሚገኘውን የእንስሳት ፀጉር እየለዩ የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። ሕዝበ ክርስቲያኑ ዐቢይ ጾምን ሲይዝና ዕርድ ሲቀር ጅቦቹ የለመዱት ትርፍራፊ ስለሚጎድልባቸው ፊታቸውን ወደ አህያ ያዞራሉ፤ ጾሙ ሲፈታ ደግሞ የሚበሉት አህያ ይቀንሳል። የጅቡ ገበታ የሚሰናዳው በእኛ ባሕረ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል። በበዓል ሰሞን በየደጃፉ የሚደፋው የበግ ፈርስና አንጀት፣ ነጋዴ እስኪወስደው በአጥር ላይ ተሰጥቶ የሚያድረው ቆዳ፣ ለነገ ዕርድ ተብሎ በረንዳ ላይ የሚታሰረው በግ ሁሉ ለእሱ ግልጽ ግብዣ ነው።

ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት ከዚህ ነው። የዕርድ ተረፈ ምርት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር፤ ቆዳው በዚያው ዕለት ይሸጥ ወይም ቤት ውስጥ ይደር፤ የወጥ ቤት ቆሻሻም ምሽት ላይ ከበር ውጭ አይቀመጥ። በግና ፍየል ጣሪያና የሚዘጋ በር ባለው ጉረኖ ይደሩ፤ ጅብ በደካማ አጥር ሥር ቆፍሮ ስለሚገባ የአጥሩን ግርጌ በድንጋይ ማጠር ይገባል። አንድ ቤት ብቻውን ቢያጸዳ ለውጡ ትንሽ ነው፤ ሽታው ከጎረቤት እስከመጣ ድረስ መንገዱ ያው መንገድ ነውና ነገሩን በመንደር ደረጃ ተነጋግራችሁ አንድ ላይ ፈጽሙት። ውሻችሁም ሌሊት ከግቢ ውጭ አይደር። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እየተባለ ቢተረትበትም፣ ሽታውን ከሰው ቀድሞ የሚሰማው ውሻ በተዘጋ ግቢ ውስጥ ካደረ ከማንኛውም መብራት የተሻለ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል።

ወደ መርዙ እንምጣ። በመርዝ የተለወሰ ሥጋ ማን እንደሚበላው አይመርጥም። ጅቡ ሳይደርስበት የሰፈር ውሻ ያነሣዋል፤ የሞተውን ውሻ ጥንብ አንሳ ይወርድበታል፤ አንድ በድን ላይ ብዙ ጥንብ አንሳ ስለሚሰፍር በአንድ ሌሊት የተጣለ ጉርሻ መንጋውን ሊጨርስ ይችላል። በቄራዎቻችን ዙሪያ የምናየው፣ ፊቱ ላባ የሌለው ትንሹ ጥንብ አንሳ ዛሬ በዓለም ላይ የመጥፋት አደጋ እጅግ ካንዣበበባቸው አእዋፍ መካከል የተመዘገበ ሲሆን ከምክንያቶቹ አንዱ እንዲህ ያለ መርዝ ነው። ጉዳዩ ሕጋዊ መልክም አለው፤ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 የዱር እንስሳን ያለ ፈቃድ መግደልን ይከለክላል። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ጅቡን ማጥፋት ለእናንተው ኪሳራ መሆኑን ልታውቁት ይገባል። በመቀሌ ዙሪያ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፣ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የሚያህል የእንስሳት በድንና ተረፈ ሥጋ እንደሚያነሡ፣ በዚህም አባሰንጋንና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ከሰውና ከከብት ላይ እንደሚቀንሱ አስልቷል። ያንን ሥራ በደመወዝ የሚሠራልን የጽዳት ክፍል የለንም።

ስለ ሐረር የቀረበው ሐሳብ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም ሐረርን ሳይዙ የሐረርን ልማድ መውሰድ ይሆናል። በጁገል ግንብ ላይ ሐረሪዎች «ዋራባ ኑዱል» የሚሏቸው የጅብ መሹለኪያዎች አሉ፤ በዓሹራ ዕለትም ለጅቦች ገንፎ ይቀርባል፤ ማታ ማታ ሥጋ የሚያጎርሷቸው ሰዎችም ጅቦቹን አንድ በአንድ በስም ጠርተው የሚለዩ ናቸው። ይህ ከትውልድ ትውልድ ሲወርድ የመጣ፣ ቦታውም ሰዓቱም የታወቀ ግንኙነት ነው። በአዲስ መንደር እንዲያው ከመስኮት የሚወረወር ሥጋ ግን ጅቡን የሚያስተምረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ያለበት ቦታ ምግብ እንዳለ።

ልጆቹን በተመለከተ፣ ጅብ በአብዛኛው ሰውን ይሸሻል፤ አደጋው የሚከፋው ሜዳ ላይ በሚተኛ ሰውና ብቻውን በሚሄድ ሕፃን ላይ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ሳትወጣ የሚሄዱ ልጆች አዋቂ እየመራቸው በቡድን ይሂዱ። ድንገት ፊት ለፊት ቢገናኙ ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ አይገባም፤ ፊትን ወደ እሱ አዙሮ፣ እጅን ከፍ አድርጎ፣ ጮክ ብሎ እየተናገሩ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ መራቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን በወላጆቼ አሮጌ ቤት እኖራለሁ። በኮርኒሱ ውስጥ ጉጉት ገብታለች። ሌሊት ሌሊት እንደ እባብ የሚነፋ ድምፅ ይሰማል፤ ጠዋት ደግሞ በግድግዳው ሥር ጥቁር፣ ፀጉር የተቀላቀለበት ድቡልቡል ነገር እናገኛለን። አክስቴ «ጉጉት በጣሪያ ላይ ከጮኸች ሞት ትጠራለች» ብለው ካልተገደለች አላድርም ብለዋል። ምን ባደርግ ይሻላል?

መልስ፦ እንደ ገለጻዎ ከሆነ ፊቷ ነጭና የልብ ቅርጽ ያለው፣ በቤተ ክርስቲያን ጣሪያና በአሮጌ ቤት ኮርኒስ መኖር የምትወደው የጉጉት ዓይነት ትመስላለች። የሚነፋው ድምፅ በአብዛኛው የእናቲቱ አይደለም፤ ጫጩቶቿ ምግብ ሲጠብቁ የሚያሰሙት ነው። ድቡልቡሉን ነገር በእንጨት ፈልቀቅ አድርገው ቢያዩት ደግሞ ውስጡ ያለው ሁሉ ይታይዎታል፤ ጥቃቅን የአይጥ መንጋጋዎች ከነጥርሳቸው፣ የጎድን አጥንቶች፣ የታመቀ ፀጉር። ጉጉት አይጥን ሙሉውን ትውጥና ያልተፈጨላትን አጥንትና ፀጉር እንዲህ አድርጋ መልሳ ትተፋዋለች። አክስትዎ ዘንድ ይዘውት ቢቀርቡ ከማንኛውም ክርክር በላይ ይረዳዎታል ብዬ እገምታለሁ፤ ጎተራቸውን ማን ሲጠብቅላቸው እንዳደረ በዓይናቸው ያያሉና።

ጫጩቶች ካሉ አሁን ቀዳዳውን መዝጋት ወይ ልጆቹን በረሃብ ይፈጃል፣ ወይ በኮርኒሱ ውስጥ ሞተው የሚሸት በድን ያተርፍልዎታል። ከተፈለፈሉ በኋላ ለመብረር ሁለት ወር ገደማ ይፈጅባቸዋልና ድምፁ ጸጥ እስኪል ይታገሡ፤ ከዚያ ምሽት ላይ ሁሉም ለአደን መውጣታቸውን አረጋግጠው ቀዳዳውን በሽቦ ወንፊት ይዝጉ። ፈቃድዎ ከሆነ ከቤቱ ራቅ ባለ ዛፍ ላይ በአንድ በኩል ክፍት የሆነ የእንጨት ሣጥን ቢሰቅሉላት ልትለምደው ትችላለች። እስከዚያው በግቢው ውስጥ የአይጥ መርዝ አይጠቀሙ። በብዛት የሚሸጠው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ እያደረገ አይጧን በቀናት ውስጥ ነው የሚገድለው፤ በእነዚያ ቀናት የደከመችውን አይጥ የምትይዘው ጉጉት መርዙንም አብራ ትውጣለች።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ነው የምጽፍልዎ። ቤታችን ከሐይቁ ዳር ስለሆነ ጦጣዎች በመስኮት ገብተው ዳቦና ፍራፍሬ ይወስዳሉ። ልጆቹም ሙዝ እየሰጡ ይጫወቱባቸዋል። በቀደም አንዷ የስድስት ዓመት ልጄን እጁ ላይ ቧጠጠችው፤ ጥቂት ደም ወጣው፤ በአልኮል ጠርገን ተውነው። ልክ ነን?

መልስ፦ ልጁን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ የቀረውን መልስ ከዚያ ሲመለሱ ያንብቡት። የእብድ ውሻ በሽታ ውሻን ብቻ የሚይዝ አይደለም፤ ጦጣን፣ ቀበሮን፣ ጅብንና ሌሎችንም አጥቢ እንስሳት ይይዛል። ከጦጣ የመያዝ ዕድሉ ከውሻ ያነሰ ቢሆንም በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መዳኛ የለውም ለማለት ይቻላል፤ ክትባቱ ግን በጊዜ ከተሰጠ ያድናል። ንክሻም ሆነ ደም ያወጣ ጭረት ሲደርስ ወዲያው በሚወርድ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል፤ ክትባት ይሰጠው ወይም አይሰጠው የሚወስነው ሐኪሙ ነው። ጠበልም ሆነ የአገር መድኃኒት የሚከተል ቤተሰብ ቢኖር ከሕክምናው ጎን ያድርገው እንጂ ሕክምናውን አያዘግይበት።

ጦጣዋ ክፉ ሆና አይደለም የቧጠጠችው። ሙዝ የለመደች ጦጣ ባዶ እጅ ስታይ ትቆጣለች፤ ልጅ ደግሞ ሲደሰት ጥርሱን ያሳያል፣ ዓይኗንም ትኩር ብሎ ያያል፤ በእነሱ ቋንቋ ሁለቱም ጠብ መፈለግ ነው። ማብላቱን ልጆቹ ብቻ ሳይሆኑ እንግዶችም ያቁሙ፤ የወጥ ቤት መስኮት ላይ ጠንካራ የሽቦ መረብ ይምቱ፤ ፍራፍሬ ከውጭ በሚታይ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። የለመዱት ሲቀርባቸው ለጥቂት ጊዜ ብሰው መምጣታቸው ስለማይቀር በዚያ ሰሞን ተስፋ ቆርጠው እንደገና ማብላት እንዳይጀምሩ።

ጥያቄ፦ አንዲት ትንሽ ወፍ ጠዋት ጠዋት የመኪናዬን የጎን መስታወት በመንቁሯ ትደበድባለች፤ መስታወቱንም በኩሷ አበላሽታዋለች። አብዳ ነው?

መልስ፦ አላበደችም። በመራቢያዋ ወራት ክልሏን የምታስከብር ወፍ በመስታወቱ ውስጥ የምታየውን ምስሏን ባላንጣ አድርጋ ትወስደዋለች፤ ባላንጣው ደግሞ አይሸሽም። መኪናውን ሲያቆሙ መስታወቱን በፌስታል ወይም በአሮጌ ካልሲ ይሸፍኑት። ወቅቱ ሲያልፍ ራሷ ትተወዋለች።

ጥያቄ፦ በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት ነው የምኖረው። በቤቴ የፊት በር ላይ በሰቀልኩት የአበባ ጉንጉን ውስጥ ደረቷ ቀይ የሆነ ወፍ ጎጆ ሠርታ ሰማያዊ እንቁላሎች ጥላለች። በሩን በከፈትኩ ቁጥር እየበረረች ትወጣለች። ጎጆውን ወደ ዛፍ ላዛውረው አሰብኩ፤ ነገር ግን ሰው የነካውን ጎጆ እናት አትመለስበትም ሲባል ሰምቻለሁ።

መልስ፦ አያዛውሩት፤ ምክንያቱ ግን የእጅዎ ሽታ አይደለም። አብዛኞቹ ወፎች በሽታ ተመርተው ልጆቻቸውን አይተዉም፤ ላባ ያላወጣ ጫጩት ከጎጆው ወድቆ ቢያገኙ አንሥተው ቢመልሱት እናቱ ትቀበለዋለች። ችግሩ ጎጆው ከቦታው ሲነሣ ወፏ ፈልጋ የማታገኘው መሆኑ ነው። ሕጉም አለ፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፈላሽ አእዋፍ ጥበቃ ሕግ እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበትን የእነዚህን ወፎች ጎጆ ማንሣትን ይከለክላል፤ የገለጹልን ሮቢን የተባለችው ወፍም በዚሁ ጥበቃ ሥር ናት። እንቁላሎቹ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላሉ፤ ጫጩቶቹም በሌላ ሁለት ሳምንት ገደማ ጎጆውን ይለቃሉ። እስከዚያ በጓሮ በር ቢጠቀሙ ጥሩ ነው፤ የግድ በፊት በር መውጣት ካለብዎ በሩን ቀስ ብለው ይክፈቱ፤ ቆመውም አይመልከቷት። መጀመሪያ ከጎጆው የሚወጡት ጫጩቶች በደንብ መብረር ስለማይችሉ በሣሩ ላይ ሲንፏቀቁ ቢያዩ ወደ ቤት አያስገቧቸው፤ ወላጆቻቸው እዚያው እያበሏቸው ነው። ወፏ በዚያው የመራቢያ ወቅት ዳግም ልትጥል ስለምትችል በሩ ቶሎ እንዲመለስልዎ ከፈለጉ የመጨረሻው ጫጩት በወጣ ማግሥት ጉንጉኑን ከነባዶ ጎጆው ያውርዱት።